የድሮ ወታደራዊ ጭነት መኪና በር፦ የቱ ከየትኛው ይገጥማል? ምን ተለክቶ ይገዛል?

#1 ጋቢና ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ኤም 35ኤ2 (የአሜሪካ 2½ ቶን ወታደራዊ ጭነት መኪና) በሮች ነው። የግራው በር ከሥሩ አራት ጣት ያህል ዝገት ጨርሶታል፤ የቀኙ ጭራሹን የለም። ሁለት አማራጭ ቀርቦልኛል። አንዱ ከኤም 939 ቤተሰብ የወረደ ጥንድ በር ነው፣ ዕቃው ሙሉ ነው። ሌላው ሻጩ «የጂኤምሲ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ባዶ በር ነው፣ ዋጋው ደግሞ በጣም ርካሽ። ሁለቱንም በአካል ሳላይ በፎቶ መወሰን አለብኝ።

የትኛው ይገባል? ሻጩን ምን ፎቶና ምን ልኬት ልጠይቀው? ገዝቼ ሲሰቀል ካልገጠመስ ጥፋቱ የበሩ ይሁን የጋቢናው በምን ይታወቃል?

#2 የቁጥር ሰው

የ939ኙን ያዝ። ኤም 35፣ ኤም 54፣ ኤም 809 እና ኤም 939 በሞተርም በጭነት አቅምም ቢለያዩ ጋቢናቸው አንድ ዘር ነው። የ5 ቶኑ (የኤም 54፣ የ809 እና የ939) በር በ2½ ቶኑ (በኤም 35) ላይ ይሰቀላል። የውስጥ ዕቃው ግን በየዘመኑ ትንሽ ትንሽ ሊለያይ ስለሚችል በሩን ከነእጀታው፣ ከነመቆለፊያው፣ ከነመስታወት ማንሻው ግዛ። ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው በር ማጋባት ነው ሰውን የሚያደክመው።

ሁለተኛውን ተወው። «ጂኤምሲ» የሚል ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጂኤምሲ ጭነት መኪና፣ የሲሲኬደብልዩ፣ ዝግ ጋቢና በር ከሆነ መለየቱ ቀላል ነው፦ በመስታወቱ ዙሪያ ከበሩ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ቋሚ የብረት ክፈፍ አለው። የኤም 35 በር ግን ከወገብ በላይ ቋሚ ክፈፍ የለውም። መስታወቱ የራሱን ክፈፍ ይዞ ይወጣል፣ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ በሩ ግማሽ በር ይሆናል። ፎቶው ላይ መጀመሪያ የምታየው ይህን ነው።

መለያ ወረቀት ካለው ቁጥሩን አንብብ። የኔቶ ዕቃ ቁጥር 13 አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ የዕቃውን ምድብ ይናገራሉ፦ 2510 የጋቢና፣ የአካልና የሻሲ ክፍሎች፤ 2540 የተሽከርካሪ ውስጥ ዕቃና ተጨማሪ መገልገያ፤ 5340 ልዩ ልዩ ማያያዣ ብረታ ብረት፤ 5305 ቪቴ፤ 5310 ዳዶና ሮንዴላ። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ አገሩን ያሳያሉ፦ 00 እና 01 አሜሪካ፣ 99 እንግሊዝ፣ 12 ጀርመን። እ.ኤ.አ. ከ1974 በፊት በታተመ ወረቀት ላይ የምታገኘው 11 አኃዝ ብቻ ነው፣ የአገር ኮዱ አልነበረምና። ከአራተኛው አኃዝ በኋላ 00 ጨምርበት፣ አዲሱ ቁጥር እሱ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ። በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሥዕል ወይም የፋብሪካ ቁጥር ነው፤ ከመለያ ወረቀቱ ጋር ስላልተመሳሰለ ብቻ ዕቃው ሐሰተኛ ነው አትበል። ሌላው፣ ግራና ቀኝ የሚቆጠረው በሾፌሩ ወንበር ከተቀመጠ ሰው አንጻር ነው። ከፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ ያነሳ ሻጭ ገልብጦ ይነግርሃል።

#3 ካሊብሮ

ሜትር ያልተዘረጋበት ፎቶ ለገዢ አይረባም። ሻጩን እነዚህን ጠይቀው፦

ከላይኛው ማጠፊያ ፒን መሐል እስከ ታችኛው ፒን መሐል ያለው ርቀት። ከታችኛው ፒን መሐል እስከ በሩ ታችኛው ጠርዝ። የበሩ ስፋት በወገቡና በሥሩ፣ ለየብቻ። ከሥሩ እስከ መቆለፊያው ምላስ መሐል ያለው ከፍታ። የበሩ ውፍረት በመቆለፊያው በኩል።

እነዚህን አንተ ካለህ የግራ በር ጋር አስተያይ። የማጠፊያዎቹ ርቀት እስከ 1.5 ሚሜ ቢለያይ የሜትር አነባበብ ስህተት ነው። 3 ሚሜ ከደረሰ ወይ በሩ ሌላ ነው፣ ወይ አንዱ ማጠፊያ ተበይዶ ቦታውን ለቋል። የመቆለፊያው ከፍታ ከማጠፊያው ርቀት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ማጠፊያን በስፔሶር (ከሥር በሚገባ ቀጭን ብረት) ታስተካክላለህ፣ መቆለፊያው ግን የበሩን ላሜራ ካልቆረጥክ አይነሳም።

ከዚያ ሦስት ፎቶ። አንደኛ፣ በሩ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ አራቱ ማዕዘኖች ይታዩ፤ ሦስቱ ነክተው አራተኛው ከ4 ሚሜ በላይ ከተነሳ በሩ ተጠማዟል። ሁለተኛ፣ በውስጠኛው መክፈቻ ባትሪ አብርቶ የሥሩ ወለል ይነሣ። ሦስተኛ፣ በሥረኛው 100 ሚሜ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ። ማግኔቱ የሚንሸራተትበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው።

#4 ዚል ወዳጅ

የምሥራቁን ወገን (የሶቪየት) መኪና ለሚያድሱም ይጠቅም ዘንድ አንድ ልጨምር። ዚል-131 በሩን የወሰደው ከሲቪሉ ዚል-130 ነው። ዚል-130 እጅግ ብዙ ስለተሠራ በሩን ማግኘት አይከብድም። ኡራል-375ዲ እና ኡራል-4320 በጋቢና አንድ ናቸው። ጋዝ-63 የጋዝ-51ን ጋቢና ተሸክሟል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ጋዝ-51ዎች ጋቢና እንጨት የገባበት ነበር፣ ሙሉ ብረት የሆነው ኋላ ነው። ስለዚህ «የጋዝ-51 በር» ሲባል የየትኛው ዘመን ብለህ ጠይቅ። ዚል-157ን ከ131 ጋር የሚያምታቱም አሉ። 157 የዚስ-151 ዘር ነው፣ በሩ ከ131 ጋር አይገናኝም።

ጥሩ በር የሚገኝበት ቦታ ደግሞ የእሳት አደጋ መኪና ነው። ዚል-130፣ ዚል-131 እና ኡራል በብዛት የእሳት አደጋ መኪና ሆነው ሠርተዋል፤ ዘመናቸውን ቤት ውስጥ ቆመው ስለሚያሳልፉ የበራቸው ሥር ከግንባታ ቦታ ከመጣው ጋር አይወዳደርም። ቀዩን ቀለም አይተህ አትለፈው።

#5 ባቲላሜራው

ካሊብሮ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ከኋላ የጀመረ ይመስለኛል። በሩን ከመለካትህ በፊት በሩ የሚገባበትን ክፍተት ለካ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው፤ የበር ነገር ሥሩ የጋቢናው አቀማመጥ ነው። ኤም 35 ከጋቢናው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ የብረት ጣሪያ የለውም። ዝግ ጋቢና ላይ ክፍተቱን ጣሪያውም ያግዛል፤ እዚህ ግን የበሩን ክፍተት በቅርጹ የሚይዘው ወለሉና የበሩ ደፍ ብቻ ነው። ደፉ ከዛገ ወይም የጋቢናው ማሰሪያ ጎማ ከሞተ የፊትና የኋላ ምሰሶዎቹ ይከፈታሉ ወይም ይጠጋጋሉ። አዲስ በር ብትሰቅልበትም አይገጥምም።

ስለዚህ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁም፣ ሻሲውን በውሃ ልክ አረጋግጥ። የክፍተቱን ሁለት ሰያፎች (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) በግራም በቀኝም ለካና ጻፍልን።

#6 ጋቢና ፈላጊ

እግዜር ይስጥልኝ። የ939ኙን ጥንድ ለመውሰድ ወስኛለሁ፣ የማጠፊያው ርቀት ካለኝ በር ጋር 1 ሚሜ ብቻ ነው የሚለየው። ሰያፎቹ፦ በግራ 9 ሚሜ ልዩነት፣ በቀኝ 2 ሚሜ። ጋሽ ባቲላሜራ፣ ፍርዱ ምንድነው?

#7 ባቲላሜራው

የቀኙ ደህና ነው፤ እስከ 3 ሚሜ በማጠፊያ ይስተካከላል። የግራው 9 ሚሜ ከማጠፊያ አቅም በላይ ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። የጋቢናውን ማሰሪያ ቡሎኖች በሙሉ አላላ፣ አታውጣ። ጋቢናው በራሱ ክብደት ይቀመጥ። ጎማዎቹን እይ፤ ከጎናቸው ተዘርግተው ከወጡ ወይም አንዱ ከሌላው ከ3 ሚሜ በላይ ካነሰ ሁሉንም ቀይር። አንዱን ብቻ መቀየር ጋቢናውን ያጣምመዋል። ከዚያ ሰያፉን እንደገና ለካ። ብዙ ጊዜ ግማሹ ልዩነት እዚህ ይጠፋል። ቀሪውን በወረደው ማሰሪያ ሥር 1.5 ሚሜ ስፔሶር እየጨመርክ፣ በጨመርክ ቁጥር እያጠበቅክና እየለካህ ትጨርሳለህ። ሁሉንም በአንዴ አትጨምር፤ ከኋላ 3 ሚሜ ስታነሳ በበሩ ክፍተት ላይ የሚመጣው ለውጥ የግድ 3 ሚሜ አይሆንም።

ስፔሶር ጨምረህም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደፉ በውስጥ በኩል በስብሷል። ያኔ ደፉን ለመቁረጥ አትቸኩል። መጀመሪያ ክፍተቱን በክሪክ ወደ ትክክለኛው ሰያፍ አምጣና ከ25×25 ሚሜ ቱቦ አንድ አግድም፣ አንድ ሰያፍ ድጋፍ ከምሰሶ ምሰሶ በያይድ። ድጋፍ ሳይበየድ ደፍ የተቆረጠበት ጋቢና ወደ ቦታው አይመለስም።

ጥፋቱን ለመለየት ለጠየቅከው፦ በሩን ሰቅለህ ግማሽ ክፈተውና ጫፉን በእጅ ወደ ላይ አንሳ። ከተንቀሳቀሰ ማጠፊያው ተበልቷል። ካልተንቀሳቀሰና በሩ ከመቆለፊያው ተቀባይ ብረት በታች ከተቀመጠ ማጠፊያው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። በሩ ከተቀባዩ በላይ ከሆነ ደግሞ የጋቢናው ኋላ ወርዷል። ሁለቱም በሮች በአንድ ዓይነት ከተሳሳቱ በሮቹን አትንካ፣ ጋቢናውን ተመልከት።

#8 ካሊብሮ

ስለ ማጠፊያው መበላት ቁጥር ልስጣችሁ፣ ሰው ይንቀዋልና። በሩ 800 ሚሜ ሰፊ፣ የማጠፊያዎቹ ርቀት 400 ሚሜ ነው እንበል። ላይኛው ማጠፊያ 0.5 ሚሜ ወደ ውጭ ሲጫወት የበሩ ጫፍ 1 ሚሜ ይወርዳል። ታችኛውም ያንኑ ያህል ወደ ውስጥ ከተጫወተ 2 ሚሜ። በዓይን የማይታይ ጨዋታ ነው መቆለፊያውን እየመታ የሚጨርሰው።

ፒኑን ስታወጣ ሁለቱንም ጫፍ አጽዳና እይ። አንዱ ጫፍ ጥርስ ጥርስ ካለው መምታት ያለብህ ከሌላኛው ጫፍ ነው፤ ተገላቢጦሹን ከመታኸው ጥርሱ ቀዳዳውን እየፋቀ ያልፋል። አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅለህ ለ24 ሰዓት አስጠጣው። አሴቶኑ ሳይተን እሳት አታቅርብ።

አዲስ ፒን ብቻ መግባት መፍትሔ አይደለም፣ ቀዳዳው እንቁላል ቅርጽ ይዟልና። ወይ በሪመር (በቀዳዳ ማስፊያ) ወደሚቀጥለው መጠን አስፋው፣ ለምሳሌ ከ5/16 ኢንች ወደ 3/8፤ ግን ከቀዳዳው ውጭ የሚቀረው ብረት ከ3 ሚሜ ካነሰ አትሞክረው። ወይ ቶርኖ ቤት የነሐስ ቦኮላ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ቱቦ) አስወጣ። የውስጡ ከፒኑ በ0.05 ሚሜ ይስፋ፣ የውጩ ከቀዳዳው በ0.03 ሚሜ ይውፈርና በሞርሳ ተጭኖ ይግባ። በትራፓኖ ፑንታ ማስፋት ግን ቀዳዳውን ሦስት ማዕዘን ያስመስለዋል፤ በስድስት ወር ተመልሰህ ትመጣለህ።

#9 ሮንዴላ

ቡሎን ላይ ማንም አልተናገረም። የብዙ ምሰሶ ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ነው።

የአሜሪካው መኪና ኢንች ነው፣ የሶቪየቱ ሚሊሜትር። 5/16 ኢንች 7.94 ሚሜ ስለሆነ ከኤም 8 ጋር በዓይን አይለይም። ጥርሱ ግን ይለያል፦ 5/16 ሻካራው በኢንች 18 ጥርስ፣ ማለትም 1.41 ሚሜ እርምጃ ነው፤ ቀጭኑ 24 ጥርስ፣ 1.06 ሚሜ ነው፤ የተለመደው ኤም 8 ደግሞ 1.25 ሚሜ። ኤም 8 በ5/16 ዳዶ ውስጥ ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል። ቁልፍ ጨምሮ የሚያጠብቀው ሰው ዳዶውን ከነቤቱ ይገነጥለዋል።

የድሮ እንግሊዝ መኪና ላይ ጉዳዩ ይብሳል። ሻካራው የእንግሊዝ 1/4 ኢንች እንደ አሜሪካው በኢንች 20 ጥርስ አለው፣ የጥርሱ ማዕዘን ግን 55 ዲግሪ ነው፣ የአሜሪካው 60። እስከ መጨረሻው ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ በንዝረት ይላላል። የጥርስ መለኪያ ሳትይዝ የበር ቡሎን አትግዛ።

ምሰሶው ውስጥ ያለው ዳዶ ተንሳፋፊ ሳህን ላይ የተበየደ ነው፣ በሩ እንዲስተካከል ተብሎ። ቡሎኑ አልፈታ ካለ ሩብ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ እያልክ ዘይት አጠጣው። ሳህኑ ተገንጥሎ አብሮ ከዞረ ከምሰሶው የውስጥ ላሜራ 40×60 ሚሜ መስኮት ቁረጥና አስተካክለህ መልሰህ በይደው። ከውጭ በኩል አትቁረጥ፣ እድሜ ልክህን ስቱኮ ትቀባለህ። መልሰህ ስትገጥም ጥርሱን በማሽን ሳይሆን በእጅ ታፕ አጽዳ።

#10 አረንጓዴ ሸራ

ይቅርታ፣ በመሐል ልግባ። እ.ኤ.አ. የ1944 ሲሲኬደብልዩ በር የሚባለው የት ይገኛል? ብረት በር የያዘ ፎቶ አይቻለሁ፣ የኔ ምሰሶ ግን የማጠፊያ ቀዳዳ የለውም።

#11 የቁጥር ሰው

ቀዳዳ የሌለው ስላልተበሳ ነው፤ ምንም አልጠፋብህም። ሲሲኬደብልዩ በመጀመሪያ ዝግ የብረት ጋቢና ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ብረት ለመቆጠብና በመርከብ ሲጫን ከፍታው እንዲቀንስ ወደ ክፍት ጋቢና ተዛወረ። ክፍቱ የብረት በር የለውም፣ የሸራ በር ነው። ፎቶው ላይ ያየኸው የቀደመው ነው። ያንን በር አምጥተህ በያይደህ ብትሰቅል መኪናው ያልነበረ ነገር ይሆናል።

ለሸራ በር የሚያስፈልግህ የሽቦ ክፈፉ፣ ክፈፉ የሚሰካበት ሶኬትና የሸራው ማያያዣዎች ናቸው። የጥጥ ሸራ መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ የማያያዣ ቀዳዳዎቹን ከመብሳትህ በፊት አርጥበህ፣ ክፈፉ ላይ ወጥረህ አድርቀው። በደረቁ ለክቶ የበሳ ሰው ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ማያያዣው አይደርስለትም።

በዚሁ ሌሎቹንም ላንሳ። ዶጅ ½ ቶን ደብልዩሲ ዝግ ጋቢናው እ.ኤ.አ. የ1939–1947 ሲቪል ዶጅ ጭነት መኪና ጋቢና ነው፤ የዶጅ ፓወር ዋገንም እስከ 1968 ይህንኑ ተሸክሞ ሄዷል። ስለዚህ የእርሻ ፓወር ዋገን ጥሩ የበር ምንጭ ነው። ¾ ቶኑ ደብልዩሲ-51 እና 52 ግን ክፍት ናቸው፣ በር አትፈልግላቸው። የካናዳ ወታደራዊ መኪኖች ላይ ደግሞ የሚወስነው ፎርድ ወይም ሸቭሮሌ መሆኑ ሳይሆን የጋቢናው ቁጥር ነው፦ የ13 ቁጥር ጋቢና በር ለሁለቱም ይሆናል፤ የ11 እና የ12 ግን በ13 ላይ አይሰቀልም። 13ን የምታውቀው የፊት መስታወቱ ከላይ ወደ ፊት ተዳፍቶ ሲታይ ነው።

#12 መስታወት ጠጋኝ

ወደ ጋቢና ፈላጊ ልመለስ፤ በሩ ሲደርስህ መስታወት ማንሻውን ሳትፈትሽ አትስቀለው።

ማንሻው ላይ የተጠቀለለ ሞላ ካለ ተጠንቀቅ። ጥርሱን የያዘው ማዞሪያ ሲወጣ ሞላው ክንዱን በኃይል ያሽከረክረዋል፣ ጣት ይሰብራል። ከመፍታትህ በፊት ክንዱንና መደቡን በሞርሴቶ አንድ ላይ አጥብቅ፣ ወይም በሁለቱ ውስጥ አልፎ የሚሄድ ቀዳዳ በስተህ ቡሎን አስገባ።

ሌላ ማንሻ ስታጋጥም አራት ነገር መመሳሰል አለበት፦ የጥርሱ ብዛት፣ የክንዱ ርዝመት ከመዞሪያው መሐል እስከ ሮለሩ፣ የመደቡ ቀዳዳዎች አቀማመጥ፣ የእጀታው ዘንግ ቅርጽ። ክንዱ 10 ሚሜ ካጠረ መስታወቱ እስከ ላይ አይደርስም፤ ከረዘመ ታች ሲወርድ ከበሩ ወለል ጋር ይጋጫል። ግራና ቀኙ የመስታወት ምስል ናቸው፣ ገልብጦ መግጠም አይሠራም። ለእጀታው አራት ማዕዘን ዘንግም ካሊብሮ ያዝ፤ 8 ሚሜ እና 5/16 ኢንች አንዱ በሌላው ሊገባ ይችላል፣ 3/8 ግን 9.5 ሚሜ ነው፣ እጀታው ይሽከረከርና ማዕዘኑን ይበላዋል።

መስታወቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ኦሪጅናል ፍለጋ ጊዜ አታጥፋ። 6.38 ሚሜ ላሚኔትድ፣ ማለትም ሁለት 3 ሚሜ መስታወትና በመሐሉ 0.38 ሚሜ ንብርብር፣ ከድሮው ¼ ኢንች ጋር ይመሳሰላል። ቴምፐርድ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፣ ይበታተናል። ንድፉን ከካርቶን ቁረጥ፤ ከአሮጌው መስታወት አትገልብጥ፣ አሮጌው ክፈፉ በዝገት አብጦ ጠርዙን ቆርሶት ሊሆን ይችላል። ክፈፉን አጽድተህ በጎማ ቴፕ አስገባው፤ ከወፈረ በመዶሻ አትምታ፣ ቀጭን ቴፕ ቀይር። የጎን መሄጃ ካናሌው ውስጥ መስታወቱ በሁለት ጣት መንቀሳቀስ አለበት። ካናሌው ሲጠብ ሰዎች ግሪስ ይቀቡታል። ግሪስ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው መስታወቱን ይፍቃል። ደረቅ ሲሊኮን ይበቃዋል።

#13 ጋቢና ፈላጊ

የጋቢናውን ማሰሪያ ጎማ ቀየርኩ፣ ሰያፉ ወደ 4 ሚሜ ወረደ፣ በሁለት ስፔሶር ደግሞ ወደ 2። አሁን ሌላ ጥያቄ፦ የድሮውን የግራ በር ልጣለው ወይስ ይጠገናል?

#14 ባቲላሜራው

አትጣለው፣ ለመለዋወጫ ያዘው ለማለት ብቻ አይደለም። ሥሩ ብቻ ከሆነ የተበላው ይጠገናል። ማጠፊያ የሚታሰርበት የውስጥ ላሜራ ከተበላ ግን ዕቃውን አውጥተህ ቀሪውን ለብረት ስጥ። በዚያ ቦታ ላይ የሚደረግ ጥገና የበሩን ክብደት መሸከም አለበት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ አይሸከምም።

ለሥሩ፦ ንጹሕ ቦታ ላይ የላሜራውን ውፍረት ለካ፤ በዚህ ዓይነት በር ላይ የሚገኘው ከ0.9 እስከ 1.2 ሚሜ ነው። ያንኑ ውፍረት ተጠቀም፣ ወፍራም «ይጠነክራል» ብለህ አታስገባ፤ ሲበየድ ቀጭኑ ይቀልጣል፣ ወፍራሙ አይሞቅም። ከዝገቱ ጫፍ 20 ሚሜ ወደ ደህናው ገብተህ ቁረጥ። የውስጡን መጀመሪያ ሥራ፣ የውጩን ቀጥሎ። በሩ በጋቢናው ላይ ተሰቅሎ፣ ተዘግቶ እያለ ፑንቶ አድርግ (በብየዳ ነጥብ ያዘው)፤ ጠረጴዛ ላይ የተበየደ ሥር ሲሰቀል ይጠማዘዛል። በ0.6 ሚሜ ሽቦ፣ በየ25 ሚሜ አንድ ነጥብ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለልክ። ነጥቡ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ውሃ አታፍስስበት።

እጥፋቱን ከመዝጋትህ በፊት በውስጡ የሚበየድበት ዚንክ አንቲረስት ቀባ። በሥሩ ከ8 እስከ 10 ሚሜ የሆኑ ሦስት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ተው፣ የጥግ ጥጎቹን ጨምሮ። በሩን የጨረሰው ያው የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ከቀለም በኋላ የጉድጓድ ሰም (የውስጥ ዝገት መከላከያ) በውስጡ ንፋ፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈታቸው፣ ሰሙ ራሱ ይደፍናቸዋል።

#15 እንጨትና ብረት

ክራዝ-255 (የሶቪየት ጭነት መኪና) ለሚያድሱ አንድ ቃል፦ የእሱ ጋቢና የእንጨት አጽም ላይ ላሜራ የተለበጠ ነው፤ ባቲላሜራው የጻፈው የብየዳ ቅደም ተከተል እዚያ አይሠራም፣ እንጨቱ ይቃጠላል። ላሜራውን መጀመሪያ ምስማሩን እየነቀልክ ግፈፍ፣ የበሰበሰውን እንጨት ቁራጭ በቁራጭ አውጣና ለአዲሱ ንድፍ አድርገው፣ ቢሰባበርም አትጣለው። አዲሱ እንጨት በደንብ የደረቀ ጠንካራ እንጨት ይሁን። እርጥብ እንጨት በውስጡ ያሉትን ቪቴዎች ያዝጋል፣ ሲደርቅም ይጠብና በሩ ያንኳኳል። ማጠፊያው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቪቴ ብቻ አትመን፤ ከኋላው የብረት ሳህን አድርገህ በቡሎን እሰረው።

#16 ካሊብሮ

ጎማው ቀርቷል። ታሽጎ የቆየ «አዲስ» ወታደራዊ የበር ጎማ ብታገኝ አትግዛ፤ ፖስታው ቢያብረቀርቅም ውስጡ እንደ ብስኩት ደርቋል። በኢፒዲኤም ስፖንጅ ጎማ ሥራ። በሩን ያለ ጎማ ሰቅለህ፣ መቆለፊያውን አስተካክለህ፣ ከዚያ በበሩና በጋቢናው መካከል ያለውን ክፍተት በየ150 ሚሜ በጭቃ ፕላስቲሲን ለካ። 10 ሚሜ ከሆነ 14 ሚሜ የሚወፍር ጎማ ውሰድ፣ በ30 በመቶ ያህል ይጨመቃል። ከ40 በመቶ በላይ ከተጨመቀ በሩ ሲዘጋ ይመልሰዋል፣ ሰው ደግሞ ያንን ለማስተካከል ተቀባዩን ብረት ወደ ውጭ ያወጣል፣ በሩም ከጋቢናው ወጣ ብሎ ይቀራል። ጎማን ለማዳን ብረት አታንቀሳቅስ።

#17 ጋቢና ፈላጊ

የ939ኙ በሮች ደረሱ። በቀለሙ ሥር ሌላ ቀለም አለ፣ ልፋቀው?

#18 የቁጥር ሰው

ሙሉውን ከመግፈፍህ በፊት በማይታይ ቦታ፣ በማጠፊያው በኩል፣ ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ በ400 ብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ቀለበት ቀለበት አድርገህ ፍቀው፣ ንብርብሩ ይታያል። ከላይ ያለው አረንጓዴ 34094 (የአሜሪካ መንግሥት የቀለም ቁጥር) ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመጣው የሦስት ቀለም ካሞፍላጅ አረንጓዴ ነው። 34079 የጫካ አረንጓዴ ከሥሩ ከወጣ የ1970ዎቹ ካሞፍላጅ ነው፤ በ939 ላይ ግን ይህ ከታየ በሩ ከድሮ 809 የተሸጋገረ ሊሆን ይችላል፣ ይገጥማልና አያሳስብም። ኤም 35ኤ2ህን በ1960ዎቹ መልክ የምትመልሰው ከሆነ የምትፈልገው 24087 ከፊል አንጸባራቂ ወይራ ነው።

በደረቁ ግን አትፋቀው። የ1980ዎቹ ወታደራዊ ቀለም ፖሊዩሬቴን ነው፣ ከሥሩ ያለው አንቲረስት ክሮሜት ሊኖረው ይችላል፣ የድሮው ደግሞ እርሳስ። በውሃ ፍቀው፣ ፒ100 ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርግ፣ ውሃውን በጨርቅ ሰብስበው። ብየዳ በሚነካበት ቦታ ሁሉ በዙሪያው 50 ሚሜ ቀለሙን አስቀድመህ አንሳ፤ ሲቃጠል የሚወጣውን ጭስ የወረቀት ጭምብል አይዘውም።

#19 ጋቢና ፈላጊ

ፈተሽኩት። ግራው 34094 ብቻ፣ ቀኙ ከሥሩ 34079 አለው። በማጠፊያ ርቀት ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። የቀኙ መስታወት ማንሻ በመሐል ሁለት ጥርስ ጎድሎታል።

#20 መስታወት ጠጋኝ

የቀኝ ማንሻ ለብቻው ፈልግ፤ የግራውን ገልብጠህ ለመግጠም እንዳትሞክር። ሁለት ጥርስ ብቻ ከሆነ በብየዳ ሞልቶ በሞረድ ማውጣት ይቻላል፤ ሞላውን አውጥተህ ሥራ፣ ሙቀቱ ያሞተዋል። ለቅርጹ የጎረቤቱን ጥርስ በወረቀት ላይ አትምና ተከተለው፤ ስትጨርስ መስታወት ሳይሰቀልበት ሃያ ጊዜ ከላይ ታች አዙረው።